አባቴ የሰጠኝ ቦታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1978

ማሽኑን ወደ አባቴ ቦታ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ኋላ ሰበብ መደርደር እንዳልጀምር ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

የዓሣ ሀብት ቢሮአችን ባለፈው ሳምንት ከውጭ የመጣ ማሽን ደርሶታል። ከጀልባው ሥር ድምፅ እየላከ የሐይቁን ወለልና ከወለሉ በላይ ያለውን ዓሣ በጥቁር መስመር ወረቀት ላይ ይስላል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳነበው የታዘዝኩት እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። ዛሬ ከኃላፊያችን ከጓድ ተካልኝ ጋር ልንሞክረው ወጣን። የሐይቁን ደንገል ዳር ዳሩን ሁለት ሰዓት ዞርን። ወረቀቱ ነጭ። ጓድ ተካልኝ እየሳቀ፣ "ማሽኑም ካላገኘ፣ እንግዲህ አባትሽም ውድድሩን ሲያሸንፍ የኖረው በዕድል ነዋ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። በዕድል? አባቴ ጋሽ ዱካሌ ክሩን በጣቱ ይዞ መንጠቆውን የነካው ዓሣ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ሳያወጣው የሚነግር ሰው ነው። ጀልባ ነጂውን "ወደዚያ ንዳ" አልኩት። የታቦርን ተራራ ከአንድ ሌላ ምልክት ጋር በዓይኔ አገጠምኩ። ሌላውን እዚህም አልጽፈውም። "አቁም" አልኩ። የማሽኑ ብዕር ወረቀቱን ጥቁር በጥቁር አደረገው። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከላዩ ዓሣ በዓሣ። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። አባቴ ፈተና ያለፈ ነው የመሰለኝ።

ጓድ ተካልኝ አላጨበጨበም። ወረቀቱን ቀድዶ፣ በጥንቃቄ አጥፎ፣ ኪሱ ከተተው። ያኔ ነው ማጨብጨቤን ያቆምኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቅዳሜ የስፖርት ክበቡ ዓመታዊ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት፣ በመንጠቆ ብቻ። ብዙ ኪሎ ያወጣ ያሸንፋል። ጓድ ተካልኝም ይወዳደራል። ሽልማቱ ሁልጊዜ የግድግዳ ሰዓት ነው። ቤታችን ሦስት ተሰቅለዋል፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። አባቴ አንዱንም አምኖ አያውቅም፣ ግን አቧራቸውን በየቀኑ ይጠርጋል።

ዘንድሮ ከሰዓት የሚበልጥ ነገር አለ። ያሸነፈው የክበቡ አሰልጣኝ ይሆናል። አባቴ ከገና ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። መጀመሪያ ንፋስ አስተምራለሁ ይላል። ከዚያ የውሃ ቀለም። ከዚያ ወፎቹ የት እንደሚያርፉ። ክር የማስይዛቸው በስተመጨረሻ ነው ይላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አስተማሪ ሊባል ነው።

ስለ ቦታው ልጻፍ። ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እናቴ የሞተችበት ዓመት። ታንኳዋ ላይ ፊቴን ወደ ከተማው አድርጎ፣ ከፊቱ አስቀመጠኝ። "እኔ ወደፊት አያለሁ፣ አንቺ ወደኋላ እዪልኝ" አለኝ። ከትከሻው በላይ ታቦርና ያ ሌላው ምልክት ቀስ በቀስ እየተጠጉ መጡ። ሲገጥሙ መቅዘፊያውን አነሣ። "እዚህ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።" እኛ ዘንድ ዓሣ አጥማጅ ቦታውን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ እስከ ዛሬ አያውቁትም። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ቤታችን የቀበሌ ነው፣ አባቴ የሚያወርሰው ሌላ ምን አለው?

ልንገረው። ነገ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ትናንትም አልነገርኩትም።

ጓድ ተካልኝ ቢሮ ገባሁ። "ጓድ፣ ያንን ቦታ ይተዉልኝ። የአባቴ ነው" አልኩት። ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ሩት፣ ሐይቁ የሕዝብ ነው። የግል የሚባል ውሃ ደግሞ ከየት መጣ?" አለኝ። ቀጥሎ፣ ሌላ ማሽኑን የሚያነብ ስለሌለ ነገ እሱ ጀልባ ላይ እንደምሆን ነገረኝ። በውድድሩ ደንብ ውስጥ ማሽን የሚከለክል ቃል የለም፤ ደንቡን ራሴ ነኝ የተየብኩት። እምቢ ማለት ነበረብኝ። "እሺ ጓድ" ብዬ ወጣሁ።

ማታ አባቴ ዕቃውን አሰናዳ። ሁለት ጥቅልል ክር። የተሳሉ መንጠቆዎች። ትል በቆርቆሮ። የበቆሎ ቂጣ። የእናቴ የአንገት ልብስ፣ ወገቡን የሚያስርበት። "ነገ የት እንደምውል አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ጠቀሰኝ። አፌን ከፈትኩ። "አውቃለሁ አባባ" ብቻ ወጣኝ። ፈሪ ነኝ። ደስታውን አንድ ምሽት ላቆይለት ብዬ ነው እላለሁ፣ ግን ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሁሉም እኩል ተነሣ። እኛ በሞተር ወዲያው ደረስን። ጓድ ተካልኝና አንድ ጓደኛው አዲስ የማጥመጃ ዘንግ ይዘው ክር ጣሉ። እኔ ጥልቀት እጠራለሁ፣ እነሱ እየጠነጠኑ ያወጣሉ። ስንፍና አለው ብዬ አልዋሽም፣ እነሱም ለፍተዋል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአባቴ ታንኳ መጣች። ቀጥ ብሎ እየቀዘፈ። ስንት ጊዜ አብሬው የመጣሁበት መስመር ላይ። እኔ ፊቴን ወደ ከተማው አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ አቀማመጥ አላውቅም። ስለዚህ ከሩቅ ጀምሮ ተያየን።

መቅዘፊያውን አነሣ። እኔን አየ። ማሽኑን አየ። እንደገና እኔን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ምነው በጮኸብኝ። ታንኳዋን አዞረና ወደ ደንገሉ ሄደ።

ሚዛኑ ላይ፦ ጓድ ተካልኝ ሠላሳ አንድ ኪሎ። አባቴ ሃያ ሁለት። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ሃያ ሁለቱንም ያወጣው ማክሰኞ ማሽኑ ነጭ ወረቀት ካሳየን ቦታ ነው። ይህን ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማን ልንገር? አባቴ ወደ አሸናፊው ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጠው። "እንኳን ደስ ያለዎት" አለው። በአጠገቤ ሲያልፍ እንደማያውቀኝ ሰው ትንሽ ገለል አለልኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አባቴ ከጸሎት ሲመለስ ሰዓቶቹን ከግድግዳው አወረደ። ሦስቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተታቸው። ግድግዳው ላይ ሦስት ነጣ ያሉ ክቦች ቀሩ። ቤቱ ጭር አለ። ያን ያህል ይጮኹ እንደነበር አላስተዋልኩም።

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ይቅር በለኝ። በዕድል ነው ሲሉህ ተናድጄ ነው። አንተ እውነት እንደሆንክ ማሽኑ ይመስክር ብዬ ነው" አልኩት።



"እኔ ምስክር ጠይቄሽ ነበር?" አለ። ከዚያ፣ "ምሳሽን ብዪ።"

አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ጓድ ተካልኝ የማሽኑን ወረቀት ክበቡ በር ላይ ለጥፎታል። ሁለቱ ምልክቶች ሳይቀሩ በእጅ ተስለውበት፣ ቀስት ተሠርቶባቸው። ሰው ተሰብስቦ ያያል። ማንንም ሳልጠይቅ ገንጥዬ ቦርሳዬ ከተትኩት። የተቆጣኝ የለም። ከሳምንቱ ሥራዬ የምኮራበት ይሄ ብቻ ነው፣ እሱም ዘግይቷል። ከቢሮው መስኮት ቆጠርኩ፤ አባቴ ቦታ ላይ አሥራ ሰባት ታንኳ፣ ሁሉም መረብ ይዘዋል።

ከክበቡ ለአባቴ መልእክት መጣ። የሞተር ጀልባውን እንዲጠብቅ ሥራ ሊሰጡት ነው። መልእክተኛውን ውሃ አጠጥቶ ሸኘው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጎረቤታችን አቶ ሁሴን፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ዓሣ የሚሸጡት፣ በር ላይ ቆመው ለአባቴ ሲነግሩት ሰማሁ። "ጋሽ ዱካሌ፣ ያ ቦታ እኮ አለቀ። ዛሬ መረቡ ባዶውን ወጣ።"

አባቴ "ሠላሳ ዓመት" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "አምስት ቀን።"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጥፋቱም የእኔ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጎህ ሲቀድ አባቴ በሩን መታ። "ሩት፣ ተነሺ።" ከሳምንት በኋላ ስሜን ጠራኝ። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ ነው የወጣሁት።

ታንኳዋ ላይ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ከተማው አድርጌ ተቀመጥኩ። አልቀዘፈም። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጠበቀ።

"ዙሪ" አለኝ።

"ወዴት አባባ?"

"ፊትሽን ወደ ውሃው።"

ያኔ ገባኝ። ሌላ ቦታ አለው። ድሮም ይኑረው፣ በዚህ ሳምንት ያግኘው አላውቅም። ይወስደኛል፣ ግን አያሳየኝም። ዞርኩ። ብዙ ቀዘፈ። ከተማው ከጀርባዬ ነበር። የውሻ ጩኸት እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ፣ ፀሐይዋ ጀርባዬን አሞቀችው። አንገቴን አንዴ እንኳ አላዞርኩም።

አቆመ። ክሩን ከኋላዬ አቀበለኝ። ቆይቶ ተነካ።

"ምንድን ነው?" አለ።

"ቆሮሶ።"

"አትቸኩዪ።"

ጣቴን ላላ አደረግሁ። ከበድ ያለ፣ ዘገም ያለ ነገር። "አምባዛ" አልኩ።

"እእ" አለ። አምባዛ ነበር።

አራት አወጣን። ከዚያ ታንኳዋን ወደ ቤት አዞራት። አሁን ከተማው ከፊቴ ሊመጣ ሆነ፤ ታቦርና ምልክቶቹ ሁሉ። ቀና ብል አያቸው፣ አዲሱንም ቦታ አውቀው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳይነግረኝ፣ ራሴ ዞርኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ፊት ለፊት ሆነናል። ፂሙ አድጓል። ከራሴ በላይ ከተማውን እያየ ይቀዝፋል፣ እኔ እሱን አያለሁ።