ሶፋህ፣ ድመትህና የሥራ ቱታህ

ተሼ፣ የኔ ጌታ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። ጨጓራ ነው፣ ጨጓራ ነው እያልክ እኔንም ራስህንም ስታታልል ከርመህ ጥለኸኝ ከሄድክ ይኸው ስምንተኛ ወሩን ያዘ። አሁንም እንደተናደድኩብህ ነኝ። የተናደደ ሰው ግን ወሬውን ለሆነ ሰው መንገር አለበት፤ የኔን ወሬ እስከ መጨረሻው የሚሰማው ደግሞ አንተ ብቻ ነበርክ። ስለዚህ ስማኝ።

ቤታችን ሶፋ የለውም። ከፊት ቡኒ፣ ከኋላ አረንጓዴ የሆነው ሶፋህ ሄዷል። እንዴት እንደሄደ ነው የምነግርህ።

ለኮልፌ ሰው ሁሉ ሶፋ ስትሠራ ኖረህ እኛ ልጃችንን ሜሮንን ያሳደግናት ዱካ ላይ ተቀምጠን ነው። ዛሬ ነገ ስትል ከርመህ በመጨረሻ ከደንበኛ የተረፈውን ጨርቅ አጠራቅመህ ሠራህልን። ቡኒው አልበቃ ሲልህ ጀርባውን በአረንጓዴ ሸፈንከው። ግድግዳው ጋ ከተጠጋ ማን ያየዋል ብለህ ሳቅክ። ከተጋባን ጀምሮ ለራሳችን የሠራኸው እሱን ብቻ ነው።

ድመቷ ደግሞ አለች። ከሥራ ቦታህ ስፖንጅ መሃል አግኝተህ በጃኬትህ ደብቀህ ያመጣሃት ቀን ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ፣ እዚህ መጻፉ ይቅር። እሜቴ ብለህ ስም አወጣህላት። ስትቀመጥ ጉልበትህ ላይ፣ ስትተኛ እግርህ ሥር ነበረች። እኔንማ መኖሬንም አትቆጥረው።

ከቀብርህ በኋላ ለቅሶ ደራሹ እስኪያልቅ አልጋ ሥር ተደበቀች። ድንኳኑ ሲነሳ ወጥታ ቤቱን ዞረችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ሶፋው ላይ፣ አንተ እጅህን የምታሳርፍበት ክንዱ ላይ ወጣችና መቧጨር ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተመዘዘ፣ ስፖንጁ አፈጠጠ። የመጣ ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። ማዳበሪያ ውስጥ ከተሽ ቆሼ ጋ ጥለሻት ነይ፣ እዚያ የምትበላው አታጣም ይሉኛል። ሶፋው የእጅህ ሥራ ነው፣ እሷ ደግሞ የልብህ። አንዱን ለማዳን ሌላውን ጣይ ስባል እሺ አላልኩም። ሁለቱንም ነበር የፈለግኩት።

ሜሮን ነች ይህን ነገር ያመጣችው። ሰው ለድመቱ መቧጨሪያና መወጣጫ የሚሆን የቤት ዕቃ ይገዛል ብላ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ለድመት የቤት ዕቃ፣ ይታይህ ተሼ። ስቄ ስቄ ሲበቃኝ፣ የሶፋ ሠሪ ሚስት ሆኜ ይሄ ያቅተኛል ወይ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የዘይት ካርቶን ደራርቤ፣ በቢላ በርና መስኮት አውጥቼ፣ በዱቄት ሙጫ አጣበቅኩት። ባለ ፎቅ ሆነ፣ ከኛ ቤት ያምራል። ምን ዋጋ አለው፣ ዱቄቱ የሸተተው አይጥ መጥቶ ከሥሩ ቦረቦረውና እሜቴ ስትዘልበት ተደረመሰ። ድመት ባለበት ቤት አይጥ የጠራሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቀጥዬ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከአጥር የተረፈ የባሕር ዛፍ እንጨት አቆምኩና ዙሪያውን ድንጋይና አፈር ጠቀጠቅኩበት። አናቱ ላይ የተሰነጠቀውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በሚስማር መትቼ ያንተን ቁርጥራጭ ስፖንጅ አነጠፍኩበት። እንጨቱን በላስቲክ ገመድ ጠቀለልኩት፤ ጥፍሯን ቢያንሸራትታት ንቃው ሄደች። ፈትቼ እጄ እስኪላጥ በሲባጎ ጠመጠምኩት። እሱንም አሸተተችና ተመልሳ ሶፋው ላይ ወጣች።

ያኔ ገባኝ። የምትፈልገው ያንተን ሽታ ነው።

ልብስህን እህትህ እትዬ አስካለ በአርባህ አውጥተው ለነዳያን ሰጥተውታል። ወጉ ነው፣ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ አልተቃወምኩም። ታመህ በተኛህ ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል እያሉ የቀሩት እህትህ፣ ልብስህን ለማከፋፈል ግን ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ቁምሳጥኑን ባዶ አደረጉት። የሥራ ቱታህን ብቻ አላገኙትም፤ ሳላጥበው ፍራሹ ሥር ከትቼው ነበር። ሙጫ ሙጫ፣ ጣውላ ጣውላ፣ አንተን አንተን ይሸታል።

አወጣሁትና እንጨቱ ላይ ጠቅልዬ በሲባጎ አሰርኩት። እሜቴ አሸተተችው። ፊቷን አሻሸችበት፣ ቆማ ቧጨረችው፣ ከዚያ ሳፋው ላይ ወጥታ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ሶፋውን አልነካችውም። ክንዱን በመርፌ ሰፋሁት፣ እንዳንተ ባይሆንም። ለማን ልንገር፣ ብቻዬን ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እትዬ አስካለ ሊጠይቁኝ ብለው መጡና ገና ሳይቀመጡ የቱታውን ኪስ ለዩት። የእግዜር ድሃ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አንቺ የወንድሜን ልብስ ለድመት ታለብሻለሽ፣ ወንድሜን ሁለተኛ ገደልሽው አሉኝ። ላስረዳ ሞከርኩ፣ ይሄን ሰው እንዴት አድርጎ ያስረዳል። ሊፈቱት እጃቸውን ሲዘረጉ እሜቴ ከላይ ጥርሷን አሳየቻቸው። ከዚያ ፈረዱ፦ ወይ ይቺ ድመት ከዚህ ቤት ትወጣለች፣ ወይ ወንድሜ የሠራውን ሶፋ እኔ ወስጄ በክብር አስቀምጠዋለሁ፣ አንቺ እሱንም ታስበያታለሽ አሉ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሶፋው የኔ ነው። ግን እሳቸው ድመቷ እስካለች ድረስ እንደማያርፉ፣ አንድ ቀን እኔ ገበያ ስወጣ ማዳበሪያ ይዘው እንደሚመጡ ዓይናቸው ነገረኝ። ተሼ፣ ሶፋውን በእጅህ ብትሠራውም እሱ አንተን አያውቅህም። እሷ ግን አሁንም አመሻሽ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ጆሮዋን ትቀስራለች፣ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን ትተኛለች። በዚህ ቤት ከኔ ጋር አንተን የምትጠብቅ እሷ ብቻ ነች። ሶፋውን ውሰዱት አልኳቸው።

በማግስቱ አይሱዙ ይዘው መጡ። ገልብጠው ሲጭኑት አረንጓዴው ጀርባ ለሰፈር ሁሉ ታየ፣ ጫኞቹ ተሳሳቁ። እትዬ አስካለ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። ሳሎናቸው ውስጥ ላስቲክ አልብሰው ሰው እንዳይቀመጥበት አድርገዋል አሉ። አንተ የደከመው ሰው እንዲያርፍበት ነበር የምትሠራው። ይቅር አልላቸውም። ብትኖር ተይ ትለኝ ነበር፣ ግን የለህም።

እኔ ወደ ዱካዬ ተመልሻለሁ። እሜቴ ዛሬም ጉልበቴ ላይ አትወጣም፣ እኔም አልጠይቃትም። እሷ ሳፋዋ ላይ፣ እኔ ከሥር፣ እንዲህ እናመሻለን።

ቱታው መሳሳት ጀምሯል። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸተው አንዳንድ ቀን አገኝሃለሁ፣ አንዳንድ ቀን የምትሸተኝ ድመቷ ብቻ ነች። ሲበጣጠስ ከላዩ ሌላ ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ እንጂ አልፈታውም፤ አንተ ከሥር ትሆናለህ። ልብስህን ሰጡት፣ ሶፋህን ወሰዱት። የቀረው እኔ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን ማንም በአይሱዙ ጭኖ አይወስድብኝም።

ሚስትህ አልማዝ