እሑድ 12 ሰዓት

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት
ቴፒ። ጭጋግ። ደብተሬ፣ ጫካው ውስጥ ያለው መሣሪያ የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቁጥር ዛሬም ያው ነው። ስድስቱን ቀን እኔ ስመዘግብ እርግት ያለ። እሑድ እሑድ፣ እኔ ሚዛን ከተማ ሄጄ ዘበኛው ጋሽ ማቲዎስ ሲመዘግብ፣ ሽቅብ! አምስት ሳምንት በተከታታይ። ጫካ ሳምንት አያውቅም፤ ሳምንት የሚያውቀው ሰው ነው። ሰውዬው እኔ ዞር ስል መሣሪያው ሥር ከሰል ያከስላል። ሌላ ምን ይሆናል?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
ጠየቅኩት። በልጆቹ ማለ። እሳት አልነካሁም፣ በሰዓቷ ነው የጻፍኳት አለ። ቁጥሩም ሴት፣ ሰዓቱም ሴት! ቡና ለቃሚዎቹ ፊት አማርኛውን እየደገምኩ አሳቅኩበት። አቀረቀረ። ደስ አለኝ፤ ላንተ ምን እደብቃለሁ። ለመ/ቤቱ ጻፍኩ፦ መረጃ ያበላሻል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
ተባረረ። የዘበኛውን ቤትም ዛሬውኑ ልቀቅ ተባለ። ሚስቱ ፍራሹን ተሸክማ፣ እሱ ዶሮዎቹን ታቅፎ፣ በዝናብ። በመስኮት አየሁ። የእጁን ነው ያገኘው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ
ጉድ ነው። አዲሷ ዘበኛ መዘገበች፣ እሑድ እንደገና ዘለለ። ጮህኩባት። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አሳየችኝ። የገዛ እጅ ጽሑፌ፦ «እሑድ 12፡00 ይመዝገብ»። ታዲያ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በ12 ሰዓት መዘገብኩ አለች።
መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ እኔም በፈረንጅ ጻፍኩ። እኩለ ቀን ማለቴ ነበር! ንጋት ላይ ጫካው ሌሊቱን የተነፈሰው ገና አልተበተነም፣ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ግድ ነው። ሰውዬው እሑድ በእሑድ፣ ከቸርች በፊት፣ በጤዛ እየተነሣ ያዘዝኩትን ፈጽሟል።
ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 29፣ ሰኞ
አዲስ ወረቀት ለጥፌ ነበር፦ «ከቀኑ 6 ሰዓት»። የትናንቱ እሑድ እርግት አለ። መ/ቤቱ አመሰገነኝ፤ ጥፋተኛውን ደርሰህበታል አሉ። እሺ አልኩ።
ከሰዓት ጋሽ ማቲዎስ መጣ፣ የረሳውን ገጀራ ሊወስድ። ግድግዳውን አየ። ቆሞ አነበበ፣ ቀስ ብሎ። ስድስት ነበረች እንዴ፣ ኢንጂነር? አለኝ።
ድሮም ስድስት ነበረች አልኩት። በራሱ አማርኛ።
ገጀራውን አነሣ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ወጣ። እግዜር ይስጥልኝ!
እውነቱን ለመ/ቤቱ አልጽፍም። ቆርጫለሁ። የድሮውን ወረቀት አቃጥያለሁ። የተጻፈ ማስረጃ አንተ ብቻ ቀረህ፣ ደብተሬ፤ ክብሪቱም እዚሁ ነው፣ አንተንም —