ለእሷ ሲሆን የቻለው ሕፃን

ልጄ ኛሉዋል፣ የሰማይ አባት አንቺንም ሕፃኑንም ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ባሮ ሞልቷል።

እህትሽ አንጀሊና በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። አማትሽ ብሪዝበን ባለው ቤቷ የልጅ ልጄን ታቅፋ ትስቃለች። አንቺ ካለሽበት ከፐርዝ ብሪዝበን ምን ያህል ነው ብላት፣ የአምስት ሰዓት በረራ ነው አለችኝ። ለእኔ ሲሆን «ሕፃን አውሮፕላን አይችልም» አላልሽም? ለእሷ ሲሆን ቻለ! ጋምቤላ ከዚያ እንደምትርቅ አላጣሁትም። ግን በእኛ ወግ ሴት ልጅ የበኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ግድግዳውን በጭቃ አስለስኜ ጠበቅኩሽ፤ ዝናቡ አጠበው።

ይሁን፣ እሷንም ጌታ ይባርካት፤ አንቺን ግን አብዝቶ ይባርክሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እኔን እስኪያይ ድረስ «አያቴ» ማለትን እንዳታስተምሩት።

እናትሽ ኛኪም