ሁለት ቦታ የተቀመጠችው ሄለን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ግሮቭፖርት ከሚገኘው የዕቃ መጋዘን ሥራዬ ወጥቼ መዝገብ ቤት ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ዛሬ ግን የምባረር መስሎኝ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የአሜሪካን ምዕራብ ሲያስስ ለኖረ አንድ መኮንን የተጻፉ ደብዳቤዎችን በላኪው ስም ፋይል አድርጊ ተብዬ፣ እንደ አገሬ በመጀመሪያ ስም ደረደርኳቸው። እዚህ አሜሪካ ለካ በቤተሰብ ስም ነው! አለቃዬ ጁዲ ሳጥኑን ከፍታ ራሷን ያዘች።

"ይቅርታ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ" እያልኩ ሄለን የሚለውን ፎልደር አንስቼ ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት ሄለኖች አሉ። አንዷ የመኮንኑ እህት ናት። ሌላዋ የቤተሰብ ስሟ የተለየ ስለሆነ በአሮጌው ዝርዝር ላይ "ማንነቷ ያልታወቀ" ተብላለች። የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ!

"ጁዲ፣ ይቺ እኮ እህቱ ናት። አግብታ ነው!"

መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን አስተያየች። ከዚያ ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ምስኪን ሄለን፣ እኛ አገር ብታገባ ኖሮ ማን ከአባቷ ስም ይነጥላት ነበር?

"በቃ፣ ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው?" አልኳት።

"ቆይ" አለችኝ፤ "መጀመሪያ የቀሩትን አራት ሳጥኖችም እንዲሁ ተሳሳቺልኝ።"