ወንበርህ ተይዟል

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ከመሸነፋችን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ልብህን አጽንተህ ስማ፦ ወንበርህ ተይዟል!

እጅህን ልትታከም ከሄድክ ወዲህ ያቋቋምከው የኮምፒውተር ጌም ቡድናችን ሁለት ውድድር ገብቶ ሁለቴ ተዋረደ። በሦስተኛው ዳኛው «አምስት ካልሞላችሁ ውጡ» አለን። ልጆቹ «በቋሚነት ሌላ ሰው እንተካ» ሲሉ እኔ እምቢ ብዬ እማዬን ጎትቼ አመጣሁ።

«ምኑን ልንካው?» አለች።

«ምንም! ማውሱን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ከቆመ ጌሙ ያስወጣሻል።»

ሻይ እንደሚያማስል ሰው ስታዞረው ቆየች። እኛ አራታችን ተፋለምንና ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍን! ሁላችን ስንዘል እሷ አልተነሳችም። ማውሱን እየዳበሰች «እጁን እዚህ ላይ ነበር የሚያሳርፈው?» አለችኝ።

ደግሞ ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎችህ በነርሷ እጅ የተጻፉ ናቸው። ጽሕፈቷ ካንተ በጣም ስለሚያምር ደብሮናል። የሚቀጥለውን አንተው ሞነጫጭረው፤ ዶሮ የጫረው ቢመስልም አንስቅም። እሺ፣ ትንሽ እንስቃለን።

ለነገሩ ይህን ያህል የሚያስጮህ ጉዳይ አልነበረም። እማዬ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ተነሳች፤ ወንበሩ አሁን ባዶ ነው።

አላርፍ ያለው ታናሽህ