የቀበሌያችን ባላባት አሟሟት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ 11 ሰዓት

ጓድ ማስታወሻ ሆይ፣ ዛሬም ጢሰኛ ስገርፍ ውዬ ክንዴ ዝሏል። ልምምድ፣ በቀበሌ አዳራሽ። የኪነት ቡድናችን ባላባት እኔ ነኝ፤ የተውኔቱም ደራሲ እኔው። ቦሌ ሚካኤል እንደኔ ያለ ጨቋኝ አላበቀለም። አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችንም ባለንበት ደርቀን እንቆማለን፤ ጅራፌ አየር ላይ። ድምፁ ሲርቅ ጭቆናው ይቀጥላል።

አዲስ ሰው አገኘን። ጋሽ በዛብህ፣ ላምበረት አካባቢ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት መሰንቆ ሲመቱ የኖሩ አዝማሪ። ያመጣኋቸው እኔ። ኩራቴን አትጠይቀኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጉድ ነው። ቃሉ ለጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ የምትል ፀሐይ ናት። ዛሬ ቃሉ እኔኑ ጠፋኝ (ደራሲውን!)። «ጢሰኛው ይገረፍ!» አለችኝ በሹክሹክታ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ በዛብህ ቀደሙኝ። መሰንቋቸውን ገዝገዝ አድርገው «ጢሰኛው ይገረፍ»ን በትዝታ አንቆረቆሩት። ዕድሜ ልካቸውን «ተቀበል!» ሲባሉ ኖረው፣ ከጎን የተወረወረ ቃል ሁሉ ግጥም ይመስላቸዋል። ጢሰኛው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ እኮ አይደለም!» ፀሐይ ተቆጣች።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ በጆሮዬ የገባ በአፌ ካልወጣ ያንቀኛል።»

እሑድ፣ የካቲት 9

የግምገማ ቀን። የቀበሌው ጓድ ሊ/መንበር የፊት ወንበር ላይ። ቀበሌዎች ለሚፋለሙበት ለከፍተኛው ውድድር ማለፋችን በእሳቸው አንገት ንቅናቄ ተንጠልጥሏል። መሰንቆውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አዝማሪ የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ነው አሉ። ቀጠሉና ጮክ ብለው፦ «ይኼ ሽማግሌ ከኪነቱ ይውጣ!»

ወይኔ። ጋሽ በዛብህ ተቀበሉ።

«ይኼ ሽማግሌ ከኪነቱ ይውጣ፣
ልጅነቱን ይዞ ተመልሶ ይምጣ።»

የሊ/መንበሩን ጢም እናያለን። ጢሙ ተንቀጠቀጠ። ቆባቸውን አውልቀው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸውን ግን መሸፈኛ አላገኙም። አዳራሹ ፈነዳ። እኔ ጨካኙ ባላባት እንባዬ ዱብ አለ። የኩራት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ሲረጋጉ ፈረዱ፦ ሽማግሌው ብቻቸውን አንድ ዜማ ያሰሙ። ግን ተውኔቱ ረዝሟልና የዜማውን ያህል ይቀነስለት። የሚቀነስ ከሌለ ሽማግሌው ከውድድሩ ይቅሩ። እስከ ነገ ደራሲው ይወስን።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ፀሐይን አማከርኳት። ዓይኗን እንኳ አላሸችም፦ «ያንተ ኑዛዜ ይውጣ። ባላባት እየሞተ ይህን ያህል አያወራም።»

ኑዛዜዬ! ከመሞቴ በፊት የምናገረው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ መስተዋት ፊት ራሴን ያስለቀስኩበት! አፈ ጮማ ሴት። አኮረፍኳት። ጢሰኛው ይቀነስ እንዳልል እሱ ከሌለ ማንን እገርፋለሁ?

ጋሽ በዛብህ ሰምተዋል። ለእኔ ብለህ ልፋትህን አትቁረጥ፣ ጠጅ ቤቱ የት ይሄድብኛል አሉ፤ መሰንቋቸውን በነጠላ እየጠቀለሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ሕፃን እንደሚጠቀለል አድርገው ነበር የጠቀለሉት።

ተሰረዘ። ሁለቱም ገጽ። ነጠላውን እኔው ፈታሁት።

እንግዲህ በውድድሩ ቀን ባላባቱ ትንፍሽ ሳይል ይሞታል። ግን አወዳደቄን ብታይ፣ ጓድ ማስታወሻ! መጀመሪያ ጉልበቴ። ከዚያ ባርኔጣዬ። ከዚያ እኔ ራሴ፣ ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ ሁለት ገጽ የሚያህል ጊዜ ወስጄ።