የአባትህ መኪና መብራት

መቱ፣ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአራርሳ ሰቦቃ፣ አስመራ ካለህበት።

በዚህ ክረምት በመቱ ላይ ስንት ደመና እንዳለፈ መገመት ትችላለህ፤ በዚያ ልክ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ናቸው ብዬ እጀምራለሁ፤ ታች ስትደርስ ግን ውሸታም እንዳትለኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ አባትህ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እየነገሩኝ እጽፋለሁ። «የቄስ ልጅ ማግባቴ ለዚህ ቀን ጠቀመኝ» እያሉ ሲስቁ ነበር። እንዲህ በዪው አሉኝ፦ የጌታዬ የአቶ ወልደ ማርያም ላንድሮቨር፣ አንተ ራስህ መንዳት የለመድክባት፣ ከሰኔ ወዲህ የፊት መብራቷ ደክሟል። አምፖሎቹን ሁለቱንም ቀይሬያለሁ። ማሳውን፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ አስሬያለሁ። ፊውዙን አውጥቼ ጠርጌያለሁ። ባትሪው ውኃ አልጎደለውም። ረጅሙንና አጭሩን የሚቀይረውን የእግር ማብሪያ፣ ጭቃ ይዞት እንደሆነ ብዬ አጽድቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ረጅሙን ስረግጠው ብርሃኑ ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ ቢጫ ሆኖ አፍንጫዬ ሥር ይቀራል። ያልነካሁት ምን ቀረ? እዚያ ያሉት የጣሊያን መካኒኮች እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው ያውቅ እንደሆነ ጠይቅልኝ።

እስከዚህ የእሳቸው ነው። አሁን መኪናዋን ሊያዩ ወጥተዋል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ይሰማኛል። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

መብራቱ ምንም አልሆነም፣ ልጄ። የደከመው የአባትህ ዓይን ነው።

ትናንት የአጥሩ በር ላይ አቆሙኝና መብራቱን አበሩ። «እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔን ዓይኔን አጥበረበረኝ፤ ዞር ብል በዚያ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የጎረቤቱ ግድግዳ ላይ የምስማሩ ራስ ሳይቀር ይታያል። «ደከም ብሏል» አልኋቸው። ምን ልበል? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩን ያወቅሁት በሰላምታ ነው። አገሩን ታውቀዋለህ፤ መንገድ ላይ ሰው አይቶ ሰላም ሳይል ያለፈ ከሰው አይቆጠርም። አባትህ መሪ ይዘው እንኳ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ በመስኮት ውጭ ነበር። ሰኔ ላይ ኦቦ ኢቲቻ ኩርፊያቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ።

«እትዬ ዘውደነሽ፣ ሰቦቃ ምን አድርጌው ነው? እጄን አንሥቼ ‹አካም ኦልተ፣ እንዴት ዋልህ› ብለው እንደ ጉቶ አልፎኝ ሄደ። መኪና ሰውን እንዲህ ያኮራል እንዴ?»

ሳምንት ሳይሞላ ሌላው መጣ፤ ቀጥሎም ሌላው። ለአባትህ ብነግራቸው ተቆጡ። «መንገድ የሚያይ ሾፌር ሰው አያይም» አሉ። ያን ዕለት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየኋቸው። በግራ ዓይናቸው መሐል የወተት ጠብታ የመሰለ ነጭ አለ፤ ቀኙም ጀምሮታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው፣ «ዓይኔ ምን ሆነ? መብራቱ ይሠራ እንጂ ያን ጊዜ ታያለሽ» ብለው አፌን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው እሳፈራለሁ። የጎሬን ገበያ ወደድሁት ብያለሁ። ጋቢናው ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ መንገዱን በሰላምታ እነግራቸዋለሁ። «እንዴት ዋሉ እትዬ ሻሽቱ! አዩዋቸው፣ በቀኝ በኩል ከነበቅሏቸው ቆመዋል» እላለሁ፤ እሳቸውም እጃቸውን ያነሣሉ፣ መሪውንም ወደ ግራ ሳብ ያደርጋሉ። «ይኼ ኩርባ ሁልጊዜ ያስፈራኛል» ስል ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሰው ከጠፋ በሬም ቢሆን ሰላም እላለሁ። ሰዉ ቅያሜውን ተወ፤ እንዲያውም «ሰቦቃ በእርጅናው ሚስቱን እንደ ሙሽራ ይዞ ይዞራል» እያለ ይስቅብናል። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ብዙ አውርተን አናውቅም።

ነሐሴ አምስት ቀን ከጎሬ ስንወርድ ጭጋጉ ዱሩን በሙሉ ውጦታል። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ መብራት አብርተን ነው የምንሄደው። እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል አንዴ ዝም አልሁ። አንዴ ብቻ። ቀና ስል እንጨት የተሸከመች ሴት ፊታችን ቆማለች። ጮኽሁ። መኪናዋ ስትቆም በሴትዮዋና በኮፈኑ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ሴትዮዋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ እኔ እሷን አነሣለሁ፣ አባትህ ወርደው ወደ መብራቱ ሄዱ። መስተዋቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ይኸው አየሽ ዘውዴ፣ ይህ መብራት ሰው ሊያስፈጀን ነው» አሉኝ።

ወሬው ቡሬ ደርሶ እህታቸው ዋሪቱ መጡ። መኪናዋን ቡዳ በልቷታል አሉ። መብራቶቹን እንደ ሙሽራ ራስ ለጋ ቅቤ ቀቧቸው፣ ፍርግርጉ ላይ እርጥብ ሣር ሰኩ፣ በኦሮምኛ አድርገው መረቁልን። በዚህ ጾም ከቤታችን ቅቤ የቀመሰ መብራቱ ብቻ ነው። አባትህ ግማሽ ቀን በሙቅ ውኃና በአመድ ሲያጥቡት ዋሉ፤ እህታቸውን ግን አልተቆጧቸውም። «ምናልባት ይረዳ ይሆናል» አሉኝ። የፈራሁት ይህን ጊዜ ነው፤ አባትህ በእንዲህ ያለ ነገር አምነው አያውቁም።

አሁን ጭንቀቴን ስማ። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ በጾሙ መፍቻ ጧት፣ አባትህ የአቶ ወልደ ማርያምን ባለቤት እትዬ አስካለማርያምን ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ጎሬ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንዲያደርሱ ታዘዋል። መኪናዋ ትሞላለች፤ ለእኔ ቦታ የለም።

ልነግራቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር። እትዬ አስካለማርያም ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጆቼን ከሰቦቃ በቀር ለማንም አላምንም» አሉኝ። ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስሁ። ብናገር ሃያ ዓመት በመንገድ ላይ ያገኙትን ስም በአንድ ቃል እገፍፋቸዋለሁ፤ ዝም ብል የሰው ልጆች ገደል ይገባሉ። ለነፍስ አባታችን ብነግራቸው «ጸልዪ» አሉኝ። እየጸለይሁ ነው፤ ጸሎት ግን ፍሬን አይረግጥም።

እንግዲህ አንድ ነገር ጻፍልኝ። «የዚህ ዓይነት መኪና መብራት አንዴ እንዲህ ከሆነ መድኃኒት የለውም፣ ሙሉ ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ መነዳት የለባትም» በላቸው። ከማንም የማይቀበሉትን ከአንተ ይቀበላሉ፤ ሙያውን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸውና። ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ስለሆንሁ፣ ራሴ ፈጥሬ ላንብብላቸው ብዬም አስቤ ነበር። ግን የጋራዡን ቋንቋ አላውቀውም፤ በሁለተኛው መስመር ይይዙኛል። ይህ ወረቀት አስመራ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ወር እንደሚፈጅ አውቃለሁ። በዓሉ የዛሬ ስድስት ቀን ነው። እያወቅሁ ነው የምለምንህ፤ ሌላ የምለምነው አጣሁ።

ነሐሴ ፲፬ ቀን

ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት የሚጥልልኝ ደርበው የሚባለው የቡና ጭነት ሾፌር ነው። መኪናውን በደሌ አጠገብ ጭቃ ይዞት ከርሞ ዛሬ ገና ገባ። ነገ ጧት ይመለሳልና የሆነውን ልጨምርልህ።

ዛሬ አባትህ ቅዳሴ ሄዱ። የፍልሰታ ቅዳሴ ቶሎ እንደማይወጣ ታውቃለህ። እኔ የጎመን መክተፊያውን ቢላ ይዤ ወደ መኪናዋ ሄድሁ። አንተ ስትከፍት እንዳየሁት ኮፈኑን ከፈትሁት። ወደ ሁለቱ መብራቶች የሚሄዱትን ሽቦዎች ቆረጥኋቸው፤ አንድ ቦታ አይደለም፣ አምስት ስድስት ቦታ። ይህን ሁሉ ዓመት ያበላንን ዕቃ በገዛ እጄ ስቆርጥ እያለቀስሁ ነበር።

ከቅዳሴ ተመለሱ። አፋቸውን ሳያሟሹ መብራቱን ሊሞክሩ ገቡ። ማብሪያውን ቢስቡት ምንም የለም። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። እኔ ከቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱና ከተቆረጠው ሲደርሱ ቆሙ። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ደጋግመው አሹት። አይጥ የበላው ሽቦ ጫፉ እንደሚንጨባረር፣ ቢላ የቆረጠው ግን እኩል እንደሚሆን ለአንተ ሲያስተምሩ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሳይጠይቁኝ፣ «አይጥ ነው» አልኋቸው።

የሽቦውን ጫፍ ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ቦታ በላው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ። ብዙ ቦታ።»

«አዎን፣ አይጥ ነው» አሉ። «ክረምት አይደል፤ ይርበዋል።» ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት።

ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ አቶ ወልደ ማርያም ሄዱ። «ጌታዬ፣ የመብራቱን ሽቦ አይጥ በልቶታል፤ በዚህ ጭጋግ ያለ መብራት ልጆች አልጭንም» ብለዋቸዋል። እትዬ አስካለማርያምም በዓሉን እዚሁ መቱ ሊያከብሩ ሆነ።

ይህ ለከነገ ወዲያ ብቻ ነው፣ ልጄ። መስከረም ሲጠባ ጭጋጉ ይነሣል። በጠራ ፀሐይ መኪና መብራት አያሻውም። ያን ጊዜ ምን እቆርጣለሁ? ጨነቀኝ።

አሁን አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ለአራርሳ ጻፊው፤ አሥር ሜትር የመብራት ሽቦ፣ ቀዩንም ጥቁሩንም፣ ይላክልኝ» አሉኝ። ጻፍሁ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈልገው ያዙኝ።

«ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ። ሌላስ ምን ልበልልዎ?»

«አይቸኩል በዪው» አሉኝ።

እኔም እንዳሉኝ ጻፍሁልህ። እግርህን ከእንቅፋት፣ ስምህን ከክፉ አፍ ይጠብቅልኝ። የያዝኸው ሁሉ ይባረክ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትህ ዘውደነሽ